ከታችኛው የልብ ክፍል ለሚነሣ የምት መዛባት የትኛው ሕክምና ለማን? የንጽጽር መመሪያ

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምልክት የሚታይበት የኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀርጸው ምርመራ፣ ወረቀት ይዘው ከሐኪም ዘንድ ሊወጡ ይችላሉ፤ አንደኛው ምንም መድኃኒት ሳይታዘዝለት ወደ ሥራው እንዲመለስ ተነግሮት፣ ሌላው ደግሞ ደረቱ ላይ መሣሪያ እንዲቀበርለት ተመክሮ። ሐኪሞቹ ስላልተስማሙ አይደለም። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ የምት መዛባት አደገኛነቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ምቱ በተነሣበት የልብ ጡንቻ ጤንነት ስለሆነ፣ ሕክምናውም የሚመረጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዋና ዋናዎቹ አማራጮች አራት ናቸው፦ በክትትል መጠበቅ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት፣ አብሌሽን የሚባለው በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ሕክምና፣ እንዲሁም በአጭሩ አይሲዲ የሚባለው፣ አደገኛ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያቆም የሚቀበር መሣሪያ። እነዚህን ሲያነጻጽሩ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ስሜቱን ያስታግሣል ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ዕድሜን ያረዝማል ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ።

ከምርጫው በፊት መታወቅ ያለበት

ጤናማው ምት ከላይኛው የልብ ክፍል ተነሥቶ ፈጣን በሆነው የኤሌክትሪክ መንገድ ስለሚወርድ በኢሲጂ ወረቀት ላይ ቀጭንና ሹል ሆኖ ይታያል። ከታች የተነሣው ግን በጡንቻው ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚዛመት ከሦስት ትንንሽ ካሬዎች፣ ማለትም ከ120 ሚሊሰከንድ በላይ ይሰፋል፤ ጊዜው ሳይደርስ ይመጣና ከኋላው ረዘም ያለ ፋታ ይከተለዋል። ታካሚ “ልቤ ቀጥ ብላ ተመለሰች” ሲል ብዙውን ጊዜ የተሰማው ይህ ፋታና ከፋታው በኋላ የሚመጣው ኃይለኛ ምት ነው። እንዲህ ያለውን ነጠላ ምት እዚህ “ተጨማሪ ምት” እንለዋለን። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው በደቂቃ ከ100 በሚበልጥ ፍጥነት ሲከታተሉ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ፣ በአጭሩ ቪቲ ይባላል፤ ከ30 ሰከንድ በላይ ከቆየ ወይም ከዚያ በፊት የደም ግፊትን አውርዶ ሰውየውን ካዳከመው ጽኑ የሚባለው ዓይነት ነው። ቪኤፍ የሚባለው ደግሞ የታችኛው ክፍል ያለ ሥርዓት ሲንቀጠቀጥ የሚከሠት ሲሆን፣ ልብ ደም መግፋት ስለሚያቆም ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ የሚነጻጸር አማራጭ የለም፤ ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫኑ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ እስኪደርስ መቆየት ብቻ ነው።

ቀሪው ሁሉ በምርመራ ይጀምራል። የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለው፣ የልብን የመግፋት አቅም በመቶኛ ያሳያል፤ ሐኪሞች ኢኤፍ የሚሉት ቁጥር ይህ ነው። ሆልተር የሚባለውና ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሰውነት ላይ የሚታሰረው መቅጃ ደግሞ ተጨማሪ ምቶቹን ይቆጥራል። የአዋቂ ሰው ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ስለሚመታ፣ በሆልተር ውጤት ላይ “2,000 ተጨማሪ ምት” የሚል ተጽፎ ቢታይ ቁጥሩ ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ከጠቅላላው 2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ሲያነቡ ዓይን ማረፍ ያለበት በመቶኛው ላይ ነው። ከዚህ ጋር የፖታሺየም፣ የማግኒዚየምና የታይሮይድ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለልብ ድካም ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ በሚወስድ ወይም በተቅማጥ በተዳከመ ሰው ላይ ፖታሺየም ማነሱ ብቻውን ምቱን ሊያዛባ ይችላል። በሩጫ ወይም በድንጋጤ መካከል ራስን መሳት፣ ወይም ከቅርብ ዘመድ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ መኖሩ ከሁሉ በፊት ለሐኪም መነገር አለበት፤ ኢኮው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ በዘር የሚተላለፍ የምት ሕመም ሊኖር ይችላልና።

ጡንቻው ጤናማ ለሆነ ሰው

ኢኮው ደህና ከሆነ፣ ራሱን ስቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በቤተሰቡም ድንገተኛ ሞት ከሌለ፣ ተጨማሪ ምቶቹም ጥቂት ከሆኑ፣ ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ምንም አለማድረግ ነው። ይህን ምክር ብዙ ታካሚ እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ያለ መድኃኒት መመለስ ለአብዛኞቻችን ያልታከመ ያህል ነውና። ሆኖም ለማይገድል ምት የሚሰጥ መድኃኒት የራሱን ጉዳት ይዞ ስለሚመጣ፣ እዚህ ላይ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው።

በዚህ ደረጃ የሚነሣው ጥያቄ ቡና ይቅር ወይ የሚለው ነው። በ2023 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት 100 ጤናማ አዋቂዎችን በዕጣ አንዳንዱን ቀን ቡና እንዲጠጡ፣ ሌላውን ቀን እንዲተዉ አድርጎ ነበር። ቡና በተጠጣበት ቀን ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡ ተጨማሪ ምቶች አልጨመሩም፤ ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ግን ካልተጠጣበት ቀን 102 ወደ 154 ከፍ ብለዋል፣ እንቅልፍም በ36 ደቂቃ ያህል አጥሯል። 154 ከ100,000 አንጻር ኢምንት ስለሆነ ጤናማ ልብ ላለው ሰው አቦል ቶናውን የሚያስከለክል ምክንያት አይደለም፤ ምቱ በብዛት የሚያስቸግረው ሰው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ትቶ ለውጡን ቢያይ የሚጎዳው ነገር የለም። ጫት ሌላ ጉዳይ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ሆኖ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ የምት መዛባት ያለበት ሰው ሊተወው ይገባል።

ስሜቱ ሥራ የሚያስፈታ ወይም እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ቤታ ብሎከር፣ ማለትም ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ቢሶፕሮሎል፣ የመጀመሪያው አማራጭ ነው። ጥቅሙ ርካሽ፣ በቀላሉ የሚገኝና አደጋው ትንሽ መሆኑ ነው፤ ጉድለቱ ምቱን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑ፣ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽን ሊያጠብ መቻሉ፣ እንዲሁም ድካምና እጅና እግርን የማቀዝቀዝ ስሜት ማምጣቱ ነው። በድንገት መቋረጥ የለበትም። ጸበል የሚገባ ታካሚም ክኒኑን ይዞ ቢገባ እምነቱን የሚቃረን ነገር አላደረገም፤ ያቋረጠ እንደሆነ ግን ልብ ከበፊቱ በበለጠ ኃይል ሊመታ ይችላል።

የተጨማሪ ምቱ ብዛት ከጠቅላላው 10 በመቶ ሲያልፍ፣ በተለይም ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ነገሩ ይለወጣል። ለወራትና ለዓመታት በዚህ መጠን ያለ ሥርዓት የሚመታ ልብ ጤናማ የነበረ ቢሆንም እየሰፋና እየደከመ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ጊዜ አብሌሽን ከመድኃኒት የሚሻልበት ሁኔታ ይፈጠራል። በጭኑ በኩል በደም ሥር ገብቶ ልብ የሚደርሰው ቱቦ ምቱ የሚነሣበትን ነጥብ ፈልጎ በሙቀት ያጠፋዋል፤ መነሻው ከቀኝ የታችኛው ክፍል መውጫ ላይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም እዚያው ነው፣ ከአሥር ታካሚዎች ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ደክሞ የነበረው ልብም ብዙ ጊዜ በቀጣዮቹ ወራት አቅሙን ይመልሳል። አደጋው በአብዛኛው በጭኑ በኩል የሚፈጠር ደም መፍሰስ ሲሆን፣ ከመቶ አንድ ያህል ሰው ላይ ግን በልብ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ዕድሜ ልክ ክኒን ከመዋጥ ጋር ሲነጻጸር፣ ልምድ ያለው ሐኪምና ወጪውን የመሸፈን አቅም ላለው ወጣት ታካሚ አብሌሽን ያመዝናል ብዬ አምናለሁ።

ጤናማ ልብ ላይ የሚነሣ አንድ የቪቲ ዓይነት አለ፤ በ1981 በቴል አቪቭ የሚሠራው ሐኪም በርናርድ ቤልሃሰን ቬራፓሚል በሚባል መድኃኒት እንደሚቆም ያሳየው ነው። መነሻው ከግራው የታችኛው ክፍል የኤሌክትሪክ መስመር ሲሆን፣ በሐኪሙ ስምም ይጠራል። ከዚህ ተነሥቶ ቬራፓሚልን ለማንኛውም ቪቲ መስጠት ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ ልቡ ጠባሳ ያለበት ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ምንነቱ ያልተለየ ሰፊና ፈጣን ምት ሲገጥም ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ቪቲ ነው ብሎ መያዝ የድንገተኛ ክፍል ደንብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠባሳ ላለበት ልብ የሚሰጡ መድኃኒቶች

የልብ ደም ሥር ተዘግቶበት የዳነ ሰው ጡንቻው ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩ በጠባሳው ዙሪያ እየተሽከረከረ ቪቲ ይፈጥራል። በ1980ዎቹ የነበረው አስተሳሰብ ቀላል ነበር፦ ተጨማሪ ምት የሞት ምልክት ከሆነ ምቱን ማጥፋት ሞትን ያስቀራል። ካስት የሚባለው ጥናት ይህን ፈተነው። የልብ ደም ሥር መዘጋት ደርሶባቸው ተጨማሪ ምት ያላቸው 1,498 ታካሚዎች ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ፣ አለበለዚያም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኖቹ ምቱን አጥፍተዋል። ነገር ግን በ10 ወር ያህል ክትትል ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 63፣ ካልወሰዱት 26 ሞቱ፤ በሁለቱ ወገን የነበሩት ታካሚዎች ቁጥር ደግሞ ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሌካይናይድ ጤናማ ጡንቻ ላላቸው ሰዎች ብቻ ተወስኖ ቀረ፤ የሆልተር ውጤት ማማርም የታካሚ መዳን ማረጋገጫ መሆኑ አበቃ።

በጠባሳ ልብ ላይ ዕድሜ እንደሚያረዝም የተረጋገጠለት የምት መድኃኒት ቤታ ብሎከር ነው፤ ለልብ ድካም በተለይ ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል። ምቱን በማቆም ከሁሉ የሚበረታው ግን አሚዮዳሮን ነው፤ ስለሆነም ያለ ብዙ ማመዛዘን የሚታዘዘውም እርሱ ነው። ሶታሎል በመካከል ያለ ሲሆን፣ በኩላሊት ስለሚወጣና ኪውቲ የሚባለውን የኢሲጂ ክፍተት ስለሚያስረዝም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይመረጥም።

አሚዮዳሮን ላይ ረገጥ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። ከክብደቱ 37 በመቶ የሚሆነው አዮዲን ነው፤ አንድ የ200 ሚሊግራም ክኒን 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን ሲይዝ፣ ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ግን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር ታካሚው ብዙውን ጊዜ የታይሮይድ ማነስ ሲያጋጥመው፣ አዮዲን አነስተኛ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ዕጢው ከልክ በላይ ወደ መሥራት ያዘነብላል። እንቅርት ለረጅም ዘመን የተለመደ በሆነባቸው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ላደገ ታካሚ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ራሱ ምትን ያዛባልና፣ መድኃኒቱ ያከመውን ሕመም መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ሳንባን ሊያጠብቅ፣ ጉበትን ሊያውክ፣ ለፀሐይ የተጋለጠ ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል። ከሰውነት ተጣርቶ የሚወጣውም በሳምንታትና በወራት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከታየ በኋላ ክኒኑን ማቆም ወዲያው መፍትሔ አይሆንም። እንግዲህ አሚዮዳሮን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የታይሮይድ፣ የጉበትና የደረት ራጅ ምርመራ አድርጎ፣ የታይሮይድና የጉበቱን በየስድስት ወሩ መድገም አለበት። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደም የማቅጠን ኃይሉን ስለሚያበረታ የዋርፋሪኑ መጠን መቀነስና አይኤንአር የሚባለው የደም ቅጥነት መለኪያ ቶሎ ቶሎ መታየት ይኖርበታል፤ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት መጠንም እንዲሁ በግማሽ ያህል ይቀነሳል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሁለቱንም አብሮ የሚወስድ ታካሚ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ይህ በማዘዣው ላይ ተጽፎ ቢሰጥ መልካም ነው።

ኪውቲን የሚያስረዝሙ መድኃኒቶች ለብቻቸው የሚነሡ አይደሉም፤ ሲደራረቡ ነው የሚያስፈሩት። ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኩዊን፣ መድኃኒት ለተላመደው ቲቢ የሚሰጡት ቤዳኩዊሊን፣ ሞክሲፍሎክሳሲንና ክሎፋዚሚን፣ ከመድኃኒት ቤት በቃል ብቻ የሚገዛው ኤሪትሮማይሲን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ሁሉ ከሶታሎል ወይም ከአሚዮዳሮን ጋር ሲገናኙ፣ ቶርሳድ ደ ፖይንት የሚባለውን የሚጠማዘዝ ቪቲ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ኪውቲ ከ500 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ወዲያው መድኃኒቱ መከለስ አለበት። ይህኛው ቪቲ ሲከሠት የመጀመሪያው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም ሲሆን፣ አሚዮዳሮን እዚህ ላይ ያባብሰዋል።

አይሲዲ፦ ምቱን አይከላከልም፣ ሞትን ግን ይቀንሳል

መሣሪያውን ያሰበው በዋርሶ የተወለደው ሚሼል ሚሮቭስኪ ነው፤ አስተማሪውና አለቃው የነበረ ሐኪም እስራኤል ውስጥ በቪቲ ከሞተበት በኋላ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተቀበረው በ1980 በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ከአንገት አጥንት በታች ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ሽቦው በደም ሥር ወደ ልብ ይገባል፤ ምቱን ሌት ተቀን እያነበበ ቪቲ ሲመጣ በመጀመሪያ ታካሚው በማይሰማው ፈጣን የኤሌክትሪክ ግፊት ሊያቋርጠው ይሞክራል፣ ካልሆነ ንዝረት ይሰጣል።

ከቪኤፍ ወይም ከከባድ ቪቲ ለተረፉ ሰዎች፣ ምክንያቱ የሚታረም ካልሆነ በስተቀር፣ አይሲዲ ከመድኃኒት እንደሚበልጥ በ1997 የወጣው አቪድ ጥናት አሳይቷል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መሣሪያው ካላቸው 75 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 64 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ገና ቪቲ ላልመጣባቸው ነገር ግን ኢኤፋቸው 35 በመቶና ከዚያ በታች ለሆኑ 2,521 የልብ ድካም ታካሚዎች ደግሞ፣ በ2005 የወጣው ጥናት አሚዮዳሮን ከባዶ ክኒን እንደማይሻል፣ አይሲዲ ግን ሞትን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ለምርጫው ወሳኝ ነው፤ “መሣሪያው ውድ ስለሆነ በምትኩ አሚዮዳሮን” የሚለው መተካካት ቪቲ ያልታየበትን ሰው ዕድሜ አያረዝምለትም። የሚያረዝምለት፣ በደንብ የታዘዘና በደንብ የተወሰደ የልብ ድካም መድኃኒት ነው። በመሆኑም ለዚህ ዓይነቱ ታካሚ ቢያንስ ሦስት ወር ያህል መድኃኒቱ በሙሉ መጠን ተሰጥቶ ኢኮው ሳይደገም አይሲዲ አይወሰንም፤ ከወሊድ ጋር የተያያዘ የልብ ድካም ባለባቸው እናቶች ላይ አቅሙ በወራት ውስጥ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይታያል። የደም ሥር መዘጋት ሳይኖር በደከመ ልብ ላይ ያለው ጥቅምም ያነሰ ነው፤ በ2016 የወጣው የዴንማርክ ጥናት መሣሪያው ድንገተኛ ሞትን በግማሽ ቢቀንስም ጠቅላላውን ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ከቆዳ ሥር ብቻ የሚቀመጠው ሌላው ዓይነት ሽቦው ወደ ልብ ስለማይገባ በደም ሥር ውስጥ የሚፈጠር ኢንፌክሽንን ያስቀራል፤ ለወጣቶች የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጉድለቱ ቪቲን በዝምታ ማቋረጥ ስለማይችል በንዝረት ብቻ መሥራቱና ቀርፋፋ ምትን አለመደገፉ ነው። ስለዚህ ቪቲ እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው የተለመደው ይሻላል።

መሣሪያ ተተክሎለትም ቪቲ ደጋግሞ ንዝረት የሚያስቀበለው ታካሚ ወደ አብሌሽንና መድኃኒት ንጽጽር ይመለሳል። በ2024 የወጣው ቫኒሽ ሁለት ጥናት የደም ሥር መዘጋት ያለፈባቸውን 416 ሰዎች በሁለቱ ከፍሎ ሲከታተል፣ ሞትን፣ ተደጋጋሚ ቪቲንና ንዝረትን አንድ ላይ ባካተተው መለኪያ አብሌሽን ያደረጉት 50.7 በመቶ፣ መድኃኒት የወሰዱት 60.6 በመቶ ችግር ደርሶባቸዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እፎይ አላሉም፤ ጠባሳ ላይ የሚሠራ አብሌሽን በጤናማ ልብ ላይ የሚሠራውን ያህል አይሳካም።

አይሲዲን በሕንድ፣ በባንኮክ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች አስተክሎ ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለስ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። የመሣሪያውን ማኅደር የሚያነበው ኮምፒውተር የየአምራቹ ለየብቻ ስለሆነ የአንዱ ኩባንያ የሌላውን አያነብም። ስለዚህ በአገር ውስጥ የትኛው ኩባንያ መሣሪያ እንደሚነበብና በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ማን እንደሚከታተል አስቀድሞ ሳይረጋገጥ መተከል የለበትም። ባትሪው ወደ 10 ዓመት ቢቆይም መቀየሪያው ሌላ ቀዶ ሕክምናና ሌላ ወጪ ነው። የአምራቹ ስም፣ የመሣሪያው ሞዴልና የሽቦው ዓይነት የተጻፈበት ካርድ ከታካሚው ኪስ መለየት የለበትም፤ ኤምአርአይ ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚለው የሚወሰነው ከዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ንዝረት ሰጥቶ ታካሚው ደህና ከሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ክትትሉ ይሂድ፤ በተከታታይ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሰጠ ወይም ከንዝረቱ በኋላ ደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሰዓት ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።